ጥቁር ሰሊጥ የተቀበሉት ሰው

ቫማን ሻስትሪ የታሰሩት በገዛ አፋቸው ነው። ፖሊስ አልነካቸውም፣ ዳኛ አልፈረደባቸውም። ከእርድ ፋብሪካችን በር አጠገብ ካለችው ቤታቸው እስከ ወፍጮው አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ተመልሰው እስከዚያች ቤት፤ ዓለማቸው ይህችው ናት። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ዘበኛው ቢወጡ ደስ ይለዋል እንጂ አያግዳቸውም። ሰው ሁሉ "ምስኪን፣ ጃጅተው እኮ ነው" ይላል። እኔ ማንዳ ግን እዚህ ፋብሪካ እርድ ሳሽግ ያረጀሁ ሴት ነኝና ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። አልጃጁም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሻስትሪቡዋ፣ እንዲህ ነው ሁላችንም የምንጠራቸው፣ እዚሁ ሳንግሊ ከተማ ትምህርት ቤት ሳንስክሪት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኋላ ተማሪ ጠፋ፤ ልጆቹ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ነጎዱ፤ ክፍሉ ተዘጋና ሥራ ፈት ሆኑ። ያኔ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሚስታቸው ኢንዱ ታይ፣ ታይ በእኛ ዘንድ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ጉልበታቸው ስለተያዘ መሬት ከረገጡ ወራት አልፏቸው ነበር። አትክልት እንኳ የሚገዙት ቅርጫት በገመድ ቁልቁል እየለቀቁ ነው። ሻጩ የጠወለገውን ጎመን ጣል ሲያደርግባቸው ከላይ ሆነው ይሰድቡታል፤ እሱ ደግሞ "ወርደው ይምረጡ እንጂ ታይ!" እያለ ይስቃል። ሰው በጉልበቱ ሲቀለድበት ደሜ ይፈላል።

ፓራግ የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ነው። አባትየው እርዱን ሰብሮ፣ አሽትቶ የሚገዛ፣ ከእኛ ጋር አቧራ የሚውጥ ሰው ነበር። ሲያመው ሥራውን ለልጁ ለቀቀ። ልጁ ሥራ አመራር የሚባል ነገር ተምሮ መጥቷል። ሰብስቦን ምን ቢለን ጥሩ ነው?

"የአመራር ጥበብ የጥንት አባቶቻችን መጻሕፍት ውስጥ ሞልቶ ሳለ ለምን ከፈረንጅ እንለምናለን?"

አነጋገሩ ደስ ይላል፤ አጨበጨብንለት። ሻስትሪቡዋን ከሦስተኛ ፎቅ አውርዶ አስተማሪ አደረጋቸውና በግቢው በር አጠገብ ቤት ሰጣቸው። ደረጃ የለውም። ኢንዱ ታይ በገቡ ዕለት ደጃፉ ላይ የቆመውን የኒም ዛፍ በእጃቸው ሲዳብሱ አይቻለሁ፤ ያለቅሱ ነበር። ሻስትሪቡዋ ደግሞ ሚስታቸውን እያዩ እንደ ሙሽራ ፈገግ ይላሉ። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይህ ነው።

ትምህርቱ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩት አለቆቹን ነው፤ እኔና ቻያ ሻይ የምናቀርብ መስለን በር ላይ ቆመን ሰማን። ቻያ ከወፍጮው ክፍል ናት፤ ጓደኛዬ ናት። ሻስትሪቡዋ አለቆቹን በሳንስክሪቱ እያስደነገጡ በአገራችን ቋንቋ በማራቲው አስፈገጓቸው። ንጉሥ ከሕዝቡ ቀድሞ ይነሳል አሉ። የሚወስደውንም ንብ ከአበባ እንደምትወስደው አድርጎ ይውሰድ፤ አበባው ነገም ይፈለጋልና አሉ። በትሩ የከበደ ይጠላል፣ በትሩ የቀለለ ይናቃል አሉ። ጌታ ሠራተኛው ሳይጠግብ ከጠገበ ምግቡ ሌብነት ነው ሲሉ ግን የሒሳብ ሹሙ የሚስል መስሎ ሳቀ፤ ፓራግ አልሳቀም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ፓራግ ሻይውን ከእጄ ተቀብሎ እንዲህ አላቸው፦

"ግሩም ነው ሻስትሪቡዋ! ግን ለአለቆቹ ከሙምባይ አሰልጣኝ እየመጣላቸው ነው። እርስዎ ሠራተኞቹን ይያዙልኝ። ስለ ትጋት፣ ያለውን ተቀብሎ ስለ መኖር፣ እንደዚያ እንደዚያ።"

"ለሠራተኛው የተባለውና ለጌታው የተባለው እኮ አንድ ላይ የተሰፋ ነው፣ ፓራግ። አንዱን ብቻ ካነበብከው ትርጉሙ ይገለበጣል።"

"እኛ የሚጠቅመንን ገጽ ነው የምንገልጠው" ብሎ ትከሻቸውን ቸብ አደረጋቸው። በዕድሜ አባቱን የሚያህሉ ሰው!

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእኛ ሆነ። ድርሻችሁ ሥራው ነው፣ ውጤቱን እያሰባችሁ አትቃጠሉ ይሉናል። እኔ አፌ አያርፍም።

"ሻስትሪቡዋ፣ ውጤቱ የእኔ ካልሆነ የማን ነው ታዲያ? ጌታው ፓራግ ጓሮ ነው እንዴ የሚበቅለው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁና መነጽራቸውን ጠረጉ። "ማንዳ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ይህ ቃል መጀመሪያ የተነገረው ለተራበ ሰው አልነበረም። ሁሉ ሞልቶት ልቡ ለራደ ሰው ነበር" አሉኝ። ያን ቀን ወደድኳቸው። ሐሰት የማይሆንላቸው ሰው መሆናቸውን አየሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ዕድሜ የለውም።

የመሣሪያ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን ማንም አይሠራም። ወፍጮው ይታጠባል፣ ቢጫ አበባ ይንጠለጠልበታል፣ ቀይ ዱቄት ይቀባል፤ ዓመቱን ሙሉ ያበላንን ብረት እናመሰግነዋለን። ፓራግ በዚህ በዓል ላይ አዲስ ነገር ጨመረ። ሠራተኛው ሁሉ በቀኝ መዳፉ ውሃ ይዞ ሻስትሪቡዋ በሳንስክሪት የሚሉትን እየተከተለ ይበል፣ መጨረሻ ላይ ውሃውን ያፍስስ አለ። ይህ በየቤታችን ያለ ወግ ነው፤ ጾም ስንይዝ፣ ስለት ስንገባ እንዲሁ ነው የምናደርገው። የዓመቱ ምርቃት መስሎን ውሃችንን ያዝን። እሳቸው አሉ፣ እኛ አልን፣ ውሃው ፈሰሰ። መሪው ሁልጊዜ አብሮ ያፈሳልና እሳቸውም አፈሰሱ። ጣፋጭ ተቀብለን ወደ ቤታችን ሄድን።

ምርቃት አልነበረም። ፋብሪካው እስካለ ድረስ ወፍጮው በእኛ እጅ አይቆምም፣ የተሰጠንን ተቀብለን እንሠራለን፣ ከዚህ ሥራም አንሄድም የሚል መሐላ ነበር። ፓራግ በማራቲ ጽፎ ሰጣቸው፣ እሳቸው ወደ ሳንስክሪት መለሱት። ኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። "ይህ እኮ መሐላ ነው" ብለውት ነበር። እሱም "ቤቱ ተመቻችሁ አይደል? የኢንዱ ታይ ጉልበትስ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገው። እሳቸውም ቋንቋውን የሚሰማ የለምና ማንንም አይጎዳም ብለው ራሳቸውን አታለሉ። ቃል ሰሚው ባያውቀውም ያስራል እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በበጋው የወፍጮው ክፍል አቧራ መምጠጫ ተበላሸ። እርድ በምግብ ላይ ሲነሰነስ መድኃኒት ነው ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ በሳንባ ሲሳብ ግን ሌላ ነው። ቻያ ስትስል ቢጫ ይወጣት ጀመር። ምሳ ላይ የማሽላ ቂጣዋን እየቆረሰች ሳል ያቋርጣትና ጉርሻው በእጇ ይቀራል። ሐኪሙ ከአቧራው ራቂ አላት። ልጇን ልትድር ቀጠሮ ይዛለች፣ በምን ትራቅ?

"መምጠጫው እስኪጠገን ወፍጮውን እናቁም" አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ተስማሙ። ፓራግ ሰምቶ መጣና አልተቆጣም። ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ፎቶ በጣቱ አሳየን፤ ሁላችንም ውሃ ይዘን የቆምንበት ነው። ከሥሩ መሐላው በማራቲ ተጽፏል።

"እኔ ምንም አልልም እህቶቼ። በአምላክ ፊት ውሃ ያፈሰሳችሁት እናንተ ናችሁ።"

ያልተማመነ ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል ይባላል፤ እኛን ግን ሳናውቅ አስማሉን። ብንጮህም ዋጋ አልነበረውም። በውሃ የታሰረ ቃል ሲሰበር በልጅ ላይ ይወርዳል፤ ይህን የማያምን ሴት እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረችም። ቻያ ከሁሉ በላይ ፈራች። "እኔ ብስል ይሻለኛል ማንዳ፤ የልጄ ትዳር ላይ እንዳይደርስ" አለችና ወፍጮውን አስነሳች። ፍርሃቱ እኔንም ይዞኛል፣ ልጆች አሉኝ። እጄ ማሸጊያው ላይ ተመለሰ፤ ንዴቱ ግን ሊገድለኝ ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ በፊት ተሰብስበን ሻስትሪቡዋ ደጃፍ ሄድን።

"ያሰሩን እርስዎ ነዎት፤ ይፍቱን!" አልኳቸው። ሰላምታም አላስቀደምኩም።

ፎቶውን ካዩ ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጡ ፊታቸው ይናገራል። "አንድ መንገድ ብቻ አለ" አሉ። "ቃሉን ከጥቁር ሰሊጥ ጋር ለሚቀበል ሰው መስጠት። ሰጪው ነጻ ይወጣል፤ ተቀባዩ ይሸከመዋል።"

ይህንስ እኛም እናውቃለን። ክፉ ዕድል የተጠናወተው ሰው ጥቁር ሰሊጥና ዘይት ይዞ ቤተ መቅደስ ይሄዳል፣ እዚያ ለሚቀመጠው ተቀባይ ይሰጠዋል፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይመለሳል። ተቀባዩን ግን ማንም ሠርግ አይጠራውም፤ ጠዋት ፊቱን ማየት እንኳ አይፈለግም። የከበረ ሊቅ ጥቁር ሰሊጥ ከሚቀበል በረሃብ ቢሞት ይመርጣል።

"ቤተ መቅደስ ወዳለው ተቀባይ ይሂዱ እንግዲህ!" አሉ ኢንዱ ታይ ከውስጥ።

"ሄጄ ነበር" አሉ ሻስትሪቡዋ ቀስ ብለው። "ያስማለው ይቀበል አለኝ። ልክ ነው።"

ኢንዱ ታይ ግድግዳውን እየያዙ ወጡ። "ቤቱስ? ወዴት ልትወስደኝ ነው? እንደገና ቅርጫት ልጎትት ነው? በዚህ ከተማ የምርቃት ዜማ ያልዘመርክለት ሙሽራ የለም፤ ነገ ማን ደጅህን ይረግጣል? ሰው ንገሩት እንጂ እናንተስ! ማንዳ፣ አንቺ እንኳ ንገሪው!"

ምን ልበላቸው? ቻያ ከኋላዬ ትስላለች።

ሻስትሪቡዋ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ተቀመጡ። ሰሊጡን ያመጣነው እኛው ነን፤ ስንመጣ መንገዱን አስበንበታል ማለት ነው። በየተራ እየቀረብን ቁንጥር ሰሊጥ ጨርቁ ላይ ጣልን፣ ውሃ አፈሰስንበት፣ "ቃሌን ሰጠሁ" አልን። እሳቸው ለእያንዳንዳችን "ተቀበልኩ" ይላሉ። የወፍጮው ሠራተኞች ሲያልቁ ድምፃቸው ሻከረ፤ አሻጊዎቹ ስንመጣ ጠፋ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ዞር ብላ ያየች የለችም። ሥርዓቱ ነዋ! በዚያው ተሰልፈን በሩን ወጣንና መንገድ ዳር ተቀመጥን። ወፍጮው ጸጥ አለ።

ፓራግ ለፈለፈ፣ አስፈራራ፣ ስልክ ደወለ። እኛ ወይ ፍንክች። እርድ ገዢዎቹ ጭነት ሲዘገይባቸው መጮህ ጀመሩ፣ መምጠጫውም ተጠገነ። ገብተን ሥራ ጀመርን። የቻያ ሳል ቀስ በቀስ ለቀቃት። እኛ አሸነፍን፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም፣ ያን ሳምንት ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ፓራግ ወደ ሻስትሪቡዋ ዞረ። ያባርራቸዋል ብለን ነበር። ቢያባርራቸው ኖሮ ይገላገሉ ነበር፤ ያባረረው ጌታው ከሆነ ቃሉ አልተሰበረም። እሱ ግን ይህን ለማወቅ ያህል ከእሳቸው ተምሯል።

"የሁሉንም መሐላ የያዙት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ከዚህ ሥራ አልሄድም የሚለውንም?"

"እሱንም።"

"የተሰጠንን ተቀብለን የሚለውንም?"

"እሱንም።"

"በል እንግዲህ" አለ ዘበኛውን፣ "ለሻስትሪቡዋ መጥረጊያ አምጣላቸው።"

ከዚያን ቀን ወዲህ የወፍጮውን አዳራሽ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ደሞዛቸው ወረደ፤ ቤቱን አልወሰደባቸውም፣ ቅርብ ቢሆኑ ይሻላልና። ጸጉራቸው፣ ቅንድባቸው፣ የጥፍራቸው ሥር ሳይቀር ቢጫ ሆነ። ቅዳሜ የሙምባዩ አሰልጣኝ ስለ አባቶች ጥበብ ሲያስተምር መስኮቱ ሥር ይጠርጋሉ። አንድ ቀን የጥቅሱን ቃል ተሳስቶ ሲያነብ መጥረጊያቸው ቆመ። ያርሙታል ብዬ ጠበቅኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና መጥረግ ቀጠሉ።

ልጃቸው ከፑኔ ከተማ መኪና ይዞ መጣ። ዕቃው ተጫነ፣ ኢንዱ ታይ ከኋላ ተቀመጡ። ሻስትሪቡዋ በሩ ድረስ ሸኙና ቆሙ። ለሥራ ስገባ ነው ያገኘኋቸው።

"አባባ፣ ይግቡ እንጂ!" ይላል ልጁ።

"እናትህን በደንብ ያዛት። ቤትህ ሊፍት አለው ብለሃል አይደል?"

"አለው። እርስዎስ?"

"እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

አልቻልኩም፤ መሃል ገባሁ። "ሻስትሪቡዋ፣ ቁንጥር ሰሊጥ እኮ ናት! ወንዝ ይጣሏትና ይሂዱ! ማን ያየዎታል?"

ዞር ብለው አዩኝ። እንዲህ ያለ የደከመ ፊት አይቼ አላውቅም።

"ማንዳ፣ በእኔ እጅ ሰሊጥ ብቻ ከሆነች፣ በእናንተም እጅ ሰሊጥ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ አልተፈታችሁም ማለት ነው። የቻያ ልጅ ልታገባ ነው፤ ይህን ሂጂና ንገሪያታ!"

ኢንዱ ታይ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ፤ ባላቸው ያዙት፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ለቀቁት። ሻስትሪቡዋ ያን ቤት የተቀበሉት ለሚስታቸው ጉልበት ሲሉ ነበር።

የቻያ ልጅ ሠርግ የተሠራው ከፋብሪካው በር ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ድንኳኑ ሲተከል ቻያን ያዝኳት።

"ሻስትሪቡዋን ጠራሽ?"

"ማንዳ..."

"ሳንባሽን የሰጡሽ ሰው ናቸው!"

"አውቃለሁ! አላውቅም መሰለሽ? ግን የወንዱ ቤተሰቦች ቢሰሙስ? ሙሽራ በሠርጓ ቀን እሳቸውን ብታይና አንድ ነገር ቢደርስባትስ? የያዙት የእኔን መሐላ ነው እኮ፤ ሊመለስብኝ ይችላል።" እያለቀሰች ነበር። "ማታ ለብቻው ምግብ እልክላቸዋለሁ።"

ልመታት እጄን አነሳሁ፤ መልሼ አወረድኩት። በምን አፌ ነው የምወቅሳት? ሰሊጡ እውነት ነው ብለን ነው የወጣነው።

ሙሽሮቹ ፊት ለፊት ቆሙ፣ በመሃላቸው ጨርቁ ተጋረደ፣ እንግዳው ሁሉ የሚበትነውን ሩዝ ጨበጠ። ከሌላ መንደር የመጣ ወጣት ካህን የምርቃቱን ዜማ በድምፅ ማጉያ ጀመረ። እኔ ሩዜን እንደጨበጥኩ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። የሻስትሪቡዋ መስኮት ወደ ድንኳኑ ነው የሚያየው። ተዘግቷል። ሙሽሪት ድንገት ቀና ብላ እንዳታያቸው ራሳቸው ዘግተውታል፤ የበሩንም ስንጥቅ በጨርቅ ደፍነውታል።

በሩን ላንኳኳ ስል ድምፅ ሰማሁ። በዝግታ ይዘምራሉ፤ ከካህኑ ጋር እኩል፣ ቃል ሳይዘሉ፣ ውጭ እንዳይሰማ አፋቸውን በሆነ ነገር ሸፍነው። ለሙሽሪት ዕድሜ ለመኑላት፣ ጤና ለመኑላት፣ ልጅ ለመኑላት። ማዶ በየስንኙ መጨረሻ ሕዝቡ ሩዝ ይበትናል፣ ይስቃል። እኔ ከተዘጋው መስኮት ሥር ቆሜያለሁ፤ በእጄ የያዝኩትን ሩዝ የምበትንበት አጣሁ።